ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ዳታችሁን ለኩ

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ለቡና ሄጄ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። «ማታ አንድ ጊጋ ገዛሁ። ጠዋት ለልጄ ልደውል ስል ጥቅልሽ አልቋል አለኝ። እኔ እኮ ተኝቼ ነው ያደርኩት! በሉብኝ» አለች። ልጇ ቤይሩት ናት። ሥራ የማትገባው እሑድ ብቻ ስለሆነ በቪዲዮ የሚተያዩት ያን ቀን ነው። ያን እሑድ ሳይተያዩ ቀሩ።

ስልኳን ተቀብዬ የዳታ ፍጆታ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። አንድ የመልእክት መተግበሪያ ብቻውን 870 ሜጋ ወስዷል። ወደ ውስጥ ገባሁ። የዕድር ግሩፕ፣ የሰፈር ሴቶች ማኅበር፣ የመዝሙር ቻናል። ሌሊቱን 14 ቪዲዮ ተልኳል። ሁሉም በራሳቸው ጊዜ ወርደው ስልኳ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱንም አልከፈተችውም። ቧንቧ ተከፍቶ እንዳደረ ቁጠሩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው «የቱ ጥቅል ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ሆኗል፦ መጀመሪያ ፍጆታህን ንገረኝ። እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ብዙም ምርጫ አልነበረንም፤ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን በ09 እና በ07 መካከል መምረጥ ተቻለ። ብዙ ሰው አሁን ሁለት ሲም ይዞ ነው የሚዞረው። የቀን፣ የሳምንት፣ የወር፣ የሌሊት፣ የማኅበራዊ ሚዲያ፣ ገደብ የለሽ… ዝርዝሩ ረጅም ነው። ዋጋው ደግሞ ይለዋወጣል። ስለዚህ እዚህ የዛሬን የዋጋ ዝርዝር አልጽፍም፤ ነገ ሊያረጅ ይችላል። የማሳያችሁ ዋጋው ሲለዋወጥም የሚሠራውን ስሌት ነው።

ቆጣሪው የት ነው ያለው?

ከሁሉም በፊት ይህን እንጨርስ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነውና።

ስልካችሁ ላይ የምታዩት የዳታ ቁጥር ለእናንተ እንዲጠቅም የተቀመጠ ነው። ሒሳብ የሚቆረጥበት ቆጣሪ ያለው ኦፕሬተሩ ጋ፣ ማለትም ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሳፋሪኮም ጋ ነው። ከስልካችሁ የሚወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አንቴና ጋ ይደርሳል። ከአንቴናው ወደ ኦፕሬተሩ ማእከል ይሄዳል። ወደ ኢንተርኔት ከመውጣቱ በፊት በአንድ በር ያልፋል፤ የሚቆጠረውም እዚያ ነው። የውሃ ቆጣሪን አስቡ። ግቢው በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ይቆጥራል እንጂ ውሃው ለወጥ ይዋል፣ ለልብስ ይዋል ወይም በተበላሸ ቧንቧ ይፍሰስ አያውቅም።

ከዚህ የሚከተሉ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ መላክም መቀበልም ይቆጠራል። 40 ሜጋ የሆነ የሠርግ ቪዲዮ ለዘመድ ብትልኩ 40 ሜጋ ሄደ። የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚበላው፦ የእናንተ ምስል ይወጣል፣ የእነሱ ይገባል። ጅዳ ወይም ቤይሩት ላለ ሰው በአይሞ ወይም በዋትሳፕ የምትደውሉ ሰዎች ይህን ያዙልኝ።

ሌላው፣ ዳታ የሚጓዘው በትንንሽ ፖስታ ተከፋፍሎ ነው። አንዱ ፖስታ ብዙውን ጊዜ እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ከዚያ ውስጥ ወደ 40 ባይት ያህሉ አድራሻ ነው። አድራሻውም ይቆጠራል። ስለዚህ 100 ሜጋ የሚባል ፋይል ስታወርዱ የሚቆጠረው ከ100 ጥቂት ከፍ ይላል። ቪፒኤን (ዳታችሁን በሌላ አድራሻ በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ስትከፍቱ ፖስታው ሌላ ፖስታ ውስጥ ስለሚገባ ጭማሪው ያድጋል።

ኔትወርክ ደካማ ሲሆንም ይበላል። በሩ ላይ ተቆጥሮ ወደ እናንተ የመጣው ፖስታ በአየር ላይ ከጠፋ እንደገና ሊላክ ይችላል፤ ያኔ እንደገና ሊቆጠር ይችላል። መንገድ ላይ፣ ኔትወርኩ አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይበት ቦታ ቪዲዮ ማየት በጣም የማይመከረው ለዚህ ነው።

ያላያችሁትም ይቆጠራል። ዩቲዩብ ቪዲዮው እንዳይቆራረጥ ከምታዩት ቀድሞ ያወርዳል። ቲክቶክም ቀጣዩን ቪዲዮ ጣታችሁን ሳታነሱ አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። አንድ ደቂቃ አይታችሁ ብታልፉት የወረደው ወርዷል።

ቀሪ ስትጠይቁ የሚመጣው ቁጥር ግራ የሚያጋባበት ምክንያትም አለ። የሒሳብ ሲስተሙ እያንዳንዷን ባይት ተከትሎ አይቆርጥም። ከጥቅላችሁ ላይ ቁራሽ ይመድባል፤ ያ ሲያልቅ ሌላ ቁራሽ ይመድባል። ግንኙነቱ ሲዘጋ ያልተነካው ይመለሳል። ስለዚህ ቪዲዮ እያያችሁ ቀሪ ብትጠይቁ ቁጥሩ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ትክክለኛውን ለማወቅ ዳታውን አጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቁናው። እህል ገበያ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ቁና ሁሉ እኩል አይደለም። ጊጋም እንደዚያው ነው። አንዱ ቆጣሪ 1 ጊጋ ማለት 1,000 ሜጋ ነው ይላል። ሌላው 1,024 ሜጋ ነው ይላል። ከሥር ያሉት ሜጋና ኪሎም በዚያው መንገድ ስለሚቆጠሩ ልዩነቱ ተደራርቦ ለአንድ ጊጋ ወደ 7 ከመቶ ይደርሳል። ኦፕሬተሩ በትልቁ ቁና 10 ጊጋ ሰጥቷችሁ ስልካችሁ በትንሹ ቁና ቢቆጥር፣ ስልኩ 10.7 ጊጋ ያህል እስኪያሳይ ድረስ ጥቅሉ አያልቅም። በተቃራኒው ከሆነ ስልካችሁ 9.3 ገደማ ሲል ያልቅባችኋል። ይህ ልዩነት ብቻ ከሆነ ማንም አልሰረቀም።

አንድ ሳምንት ለኩ

አሁን ሥራው ይጀምራል። ወረቀት ወይም ስልካችሁ ላይ ያለውን ማስታወሻ አዘጋጁ።

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኔትወርክን ወይም ኮኔክሽንን ክፈቱ፤ እዚያ ‹ዳታ ዩዜጅ› የሚል አለ። ሳምሰንግ፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ አቀማመጣቸው ትንሽ ይለያያል እንጂ ሁሉም አላቸው። እዚያ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ታያላችሁ፦ በጠቅላላ የተበላውንና የትኛው መተግበሪያ ስንት እንደበላ። ሁለት ሲም ካላችሁ ለየብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ትክክለኛውን ሲም መምረጣችሁን አረጋግጡ። ቆጠራው ከወሩ ስንተኛ ቀን እንደሚጀምርም መቀየር ይቻላል። ጥቅል ከገዛችሁበት ቀን ጋር አስተካክሉት። ስልኩና ኦፕሬተሩ የማይስማሙበት ትልቁ ምክንያት ይህ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ሁለቱ መቁጠር የጀመሩት በተለያየ ቀን ነው።

አይፎን ላይ በሞባይል ዳታ ገጽ ውስጥ ነው። አይፎን ግን በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም። ስልኩን ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ የተደመረ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ወደ ታች እስከ መጨረሻው ወርዳችሁ ‹ሪሴት ስታቲስቲክስ› የሚለውን ነክታችሁ ከዜሮ ጀምሩ።

ከዚያ ለ7 ቀን በየማታው አንድ ቁጥር ጻፉ፦ በዕለቱ ስንት ሜጋ እንደበላችሁ። ከጎኑ ዋይፋይ የነበራችሁበትን ቀን ምልክት አድርጉ። እሑድን አትዝለሉ፤ የብዙ ሰው ፍጆታ የሚያብጠው እሑድ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ድምሩን ብቻ አትዩ። በጣም የበላችሁበትን ቀንና ምንም ያልበላችሁበትን ቀን ክበቡ። ጥቅል ስትመርጡ የሚወስነው እሱ ነው።

እስከዚያው ግምት ለሚፈልግ አንድ ቀላል ስሌት ልስጥ። የሙዚቃና የቪዲዮ ጥራት የሚለካው በሰከንድ በሚያልፈው ቢት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የሚፈስ ሙዚቃ በሰዓት ስንት ይበላል? 128ን ለ8 አካፍሉ፤ 16 ኪሎ ባይት በሰከንድ። በ3,600 ሰከንድ አባዙት፤ 57.6 ሜጋ። ሙዚቃ ርካሽ ነው። ቪዲዮ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ ለተጠቃሚዎቹ እንዳስቀመጠው ዝቅተኛው ጥራት በሰዓት እስከ 0.3 ጊጋ፣ ከፍተኛ ጥራት የሚባለው ደግሞ እስከ 3 ጊጋ ይወስዳል። ያው አንድ ፊልም፣ 10 እጥፍ ልዩነት። ስልክ በምታክል ስክሪን ላይ ልዩነቱን ዓይናችሁ የሚለየው እምብዛም ነው፤ ቆጣሪው ግን ይለየዋል።

ሁለቱን ቆጣሪዎች አፋጥጡ

ኦፕሬተራችሁን ከጠረጠራችሁ ከመናደድ በፊት ይህን ሙከራ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

መጠኑን የምታውቁት አንድ ፋይል ያስፈልጋል። በዋይፋይ ላይ እያላችሁ 100 ሜጋ ገደማ የሆነ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ፤ ‹ሴቭድ ሜሴጅ› ውስጥ ይቀመጣል፤ መጠኑም ይጻፋል። ከዚያ ከስልኩ ላይ አጥፉት፤ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ‹ስቶሬጅ ዩዜጅ› ገብታችሁ ‹ካሽ› የሚባለውን (ስልኩ ላይ የተጠራቀመውን) ማጽዳት ይበቃል። አሁን ዋይፋዩን ዝጉ። ሌሎች መተግበሪያዎች በጓሮ እንዳይጎትቱ ‹ዳታ ሴቨር›ን አብሩ።

ቀሪያችሁን ጠይቁና ጻፉ። ኢትዮ ቴሌኮም ላይ *804# ነው፤ ሳፋሪኮም ላይ *704#። የስልኩንም ቁጥር ጻፉ። ዳታ አብሩና ፋይሉን አውርዱ። እንዳለቀ ዳታ አጥፉ። አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ። እንደገና ቀሪ ጠይቁ፣ የስልኩንም ተመልከቱ።

የ100 ሜጋ ፋይል ወርዶ ቀሪያችሁ ከ95 እስከ 110 ሜጋ ቢቀንስ ጤናማ ነው። የአድራሻው ጭማሪና የቁናው ልዩነት እዚያ ውስጥ ይገባል። 150 ቢቀንስ ግን አንድ ቀን ቆይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ሁለተኛውም እንደዚያ ከሆነ በእጃችሁ ማስረጃ አለ ማለት ነው። ቁጥሮቹን ስክሪንሹት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዋጋውን በተጠቀማችሁበት ጊጋ አካፍሉ

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ዋጋውን በተሰጠው ጊጋ አካፍሎ ነው። እኔ የማምነው ግን በሌላ ስሌት ነው፦ ዋጋውን በእውነት በተጠቀማችሁት ጊጋ አካፍሉ። ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለስሌት ያመጣኋቸው ናቸው፣ የየትኛውም ኦፕሬተር አይደሉም።

የቀን ጥቅል፦ 1 ጊጋ በ25 ብር። የሳምንት፦ 5 ጊጋ በ110 ብር። የወር፦ 20 ጊጋ በ400 ብር። በወረቀት ላይ የቀኑ ጊጋ 25 ብር፣ የሳምንቱ 22 ብር፣ የወሩ 20 ብር ነው። ማንም ሰው ወሩን ይመርጣል።

አሁን ቢሮዋ ዋይፋይ ያላትን አንዲት ሴት እናስብ። አንድ ሳምንት ለክታ ያገኘችውን ወደ ወር ስታሰላው የራሷን ዳታ የምትነካው 12 ቀን ብቻ ነው፤ በቀን ከ1 ጊጋ አታልፍም፤ በወር 11 ጊጋ። የወሩን ብትገዛ 400ን ለ11 ስናካፍል አንዱ ጊጋ 36 ብር ወጣባት። የሳምንቱን ብትገዛ ወር ውስጥ 4.3 ሳምንት ስላለ ወደ 473 ብር ታወጣለች፤ አንዱ ጊጋ 43 ብር ገደማ ሆነ። የቀኑን በሚያስፈልጋት 12 ቀን ብቻ ብትገዛ 300 ብር፤ አንዱ ጊጋ 27 ብር። በወረቀት ላይ ውድ የነበረው ለእሷ ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

ወንድሟ ቤት ውስጥ ዋይፋይ የለውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጠቀማል፤ በወር 19 ጊጋ። እሱ 30 ቀን የቀን ጥቅል ቢገዛ 750 ብር ነው። የወሩ 400 ብር ግን በ19 ሲካፈል 21 ብር ብቻ። አንድ ቤት፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት መልስ።

የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፣ ልናገረው። በወር ስሌት የወር ጥቅል የሚጠቅመው ብዙ ሰው የቀን ጥቅል የሚገዛው 400 ብር አንድ ላይ ስለማይገኝ ነው። የዕለት ገቢ ያለው ሰው የዕለት ዳታ ይገዛል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ደመወዝተኛው ከከፈለው በላይ ከፍሏል። ቤት ውስጥ አምስት ሰው ካለ አንድ ትልቅ ጥቅል ገዝቶ በሆትስፖት መካፈል ይህን ጉድለት በጥቂቱ ይሞላል። በየወሩ የሚገዛው በተራ ይሁን፤ ዕቁብ የሚጥል ሰው ይህን አያጣውም።

የወር ጥቅል ስትቆጥሩ ጳጉሜንንም አትርሱ። የ30 ቀን ጥቅል 12 ጊዜ ቢገዛ 360 ቀን ነው። ዓመቱ 365 ነው። 4 የሳምንት ጥቅል ደግሞ 28 ቀን እንጂ ወር አይሞላም። የዓመት ወጪያችሁን ስታስቡ የወሩን ዋጋ በ12 ሳይሆን በ12.2 አባዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ

ኢትዮ ቴሌኮም ላይ *999#፣ ሳፋሪኮም ላይ *777# ስትደውሉ የጥቅሎቹ ዝርዝር ይመጣል። መተግበሪያዎቻቸው ላይ ዝርዝር ሁኔታው በደንብ ተጽፎ ስለሚገኝ ቢያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙትን እዚያ አንብቡ። እኔ የምፈልጋቸው እነዚህን ነው።

ሰዓቱ። የቀን ጥቅል ማለት ከገዛችሁበት ቅጽበት ጀምሮ 24 ሰዓት ነው ወይስ እስከ እኩለ ሌሊት? ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ የአንድ ቀን ያህል ነው። መልእክቱ ላይ ‹23:59› የሚል ካያችሁ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5:59 ማለት ነው። የሌሊት ጥቅልም እንዲሁ፦ ‹22:00› ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ‹06:00› ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ከቁጥሩ 6 ቀንሱ፤ ከ12 ካለፈ ሌላ 12 ቀንሱ፤ 0 ከመጣ 12 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ6 ካነሰ ግን 6 ደምሩ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን ልብ በሉ። ወላጆቻችን የገዙት ሌሊት ጥቅል ቀን ላይ አልሠራ ሲላቸው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ የሰዓት ልዩነት ነው። ቁጭ ብላችሁ አንድ ጊዜ አስረዷቸው።

ሲያልቅ ምን ይሆናል? ጥቅሉ አልቆ ዳታው ክፍት ከሆነ ቀጥሎ የሚበላው ካርዳችሁ ሊሆን ይችላል፤ ያም ከጥቅል ውጪ ባለው ታሪፍ ነው። 100 ብር ሞልተው ደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ያዩ ሰዎች ታሪክ ከዚህ ነው የሚመጣው። መከላከያው ቀላል ነው። ካርድ አትሙሉ፤ ጥቅሉን ከቴሌብር ወይም ከኤም ፔሳ በቀጥታ ግዙ። ካርዱ ላይ ብር ከሌለ የሚበላ የለም። በተጨማሪ አንድሮይድ ላይ ‹ዳታ ሊሚት› አለ፤ ከጥቅላችሁ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሲደርስ ስልኩ ራሱ ዳታውን ይዘጋል።

ያልተጠቀማችሁት ይተላለፋል? አንዳንዱ ጥቅል ጊዜው ሳያልቅ ያንኑ ደግማችሁ ከገዛችሁ ቀሪው እንዲቀጥል ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ አይፈቅድም። የሚፈቅድ ከሆነ ማብቂያው ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የሚነቃ ማስጠንቀቂያ ስልካችሁ ላይ ሙሉ።

የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ከገዛችሁ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለባችሁ። ኦፕሬተሩ የምትጽፉትን አያነብም፤ የተመሰጠረ ነው። የሚለየው ዳታው ወደየትኛው አድራሻ እንደሚሄድ አይቶ ነው። ወደ ፌስቡክ አድራሻ ከሄደ ከፌስቡኩ ጥቅል ይቆረጣል። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ የዩቲዩብ ሊንክ ከነካችሁ ግን መድረሻው ዩቲዩብ ነው፤ ከሌላ ዳታ ወይም ከካርድ ይቆረጣል። ቪፒኤን ከከፈታችሁ ደግሞ ኦፕሬተሩ የሚያየው የቪፒኤኑን አድራሻ ብቻ ስለሆነ ልዩ ጥቅላችሁ ተቀምጦ ሌላው ይበላል።

«ገደብ የለሽ» የሚለው ቃል ላይ ቆሙ። መጠኑ ገደብ ባይኖረውም ፍጥነቱ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ገደብ የለሽ የገዙ ደንበኞቹን ፍጥነት በመቀነሱ የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ከሰሰው። አንዳንዱ ደንበኛ በወር 2 ጊጋ ብቻ እንደተጠቀመ ነበር የሚቀነስበት። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2019 በ60 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ስለዚህ የትም አገር ብትሆኑ ጥያቄው አንድ ነው፦ ከስንት ጊጋ በኋላ ይቀነሳል? ወደ ስንት?

ፍጥነቱ የሚጻፈው በሜጋ ቢት፣ መጠኑ በሜጋ ባይት ነው፤ አታምታቱት። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት በሆነ መስመር 1 ጊጋ ለማውረድ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይበቃል። በ1 ሜጋ ቢት ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ወደ 128 ኪሎ ቢት ከተቀነሰባችሁ ያው 1 ጊጋ 17 ሰዓት ይወስዳል። ጽሑፍ ይላካል፤ ቪዲዮ ግን እርሱት።

ድምፅ ያለበት ጥቅል ከሆነ ደቂቃው በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ወይም ከ09 ወደ 07 መደወልን የሚያካትት መሆኑን እዩ። ዋጋው ቫትን ያካተተ መሆኑንም እንዲሁ።

ኔትወርኩን ደግሞ ካርታ አይነግራችሁም። ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ የሌላኛውን ኦፕሬተር ሲም ለአንድ ቀን ተዋሱ። አነስተኛ የቀን ጥቅል ግዙበት። ቤታችሁ ጓዳ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ ሞክሩት። ከሁሉ በላይ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሞክሩ፤ ሁሉም ሰው የሚከፍተው ያን ጊዜ ነው። ርካሽ ጊጋ የማይከፈት ከሆነ ውድ ነው።

ፍሳሹን ድፈኑ

አክስቴ ስልክ ላይ ያደረግኩት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ‹ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ›፣ ከዚያ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ ማውረድ የሚለውን ዝጉ። ዋትሳፕ ላይም ‹ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ› ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮና ዶክመንት አራቱንም ምልክት አንሱ። ዩቲዩብ ላይ በሞባይል ኔትወርክ ሲሆን ጥራቱን ‹ዳታ ሴቨር› አድርጉት። ቲክቶክም የራሱ ዳታ ሴቨር አለው። ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አድርጉ። ፕሌይ ስቶር መተግበሪያ የሚያድሰው በዋይፋይ ብቻ ይሁን። ጉግል ፎቶ በሞባይል ዳታ ምትኬ እንዳይወስድ ዝጉ፤ ልጆች ቪዲዮ በሚቀርጹበት ስልክ ላይ ትልቁ በላተኛ እሱ ነው።

ሆትስፖት ለላፕቶፕ ከሰጣችሁ ላፕቶፑ ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል። ዊንዶውስ ትልልቅ ማደሻዎቹን ማውረድ ይጀምራል። የዋይፋዩ ስም ላይ ገብታችሁ ‹ሚተርድ ኮኔክሽን› የሚለውን አብሩ።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ሳምንቱን እንደገና ለኩ። የመጀመሪያው ልኬት አሁን አይሠራም። አክስቴ በዚህ ሳምንት የበላችው በሙሉ 1.3 ጊጋ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 0.9ኙ የእሑዱ ጥሪ ነው።

ሙከራው ካልተስተካከለ

ሁለቱን ቆጣሪዎች አፋጥጣችሁ ሁለቴም የማይገባ ልዩነት ካገኛችሁ ደውሉ። ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700። «ዳታዬን በላችሁት» ብቻ ብትሉ መልሱ «በጓሮ የሚሠራ መተግበሪያ ይሆናል» ነው የሚሆነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ይልቁንስ እንዲህ በሉ፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ቀሪዬ ይህን ያህል ነበር። መጠኑ ይህን ያህል የሆነ አንድ ፋይል ብቻ አወረድኩ። ስልኬ ይህን ቆጠረ፤ እናንተ ይህን ቆረጣችሁ።» ጥቅሉን ስትገዙ የመጣውን መልእክት አታጥፉ። የቅሬታ ቁጥር እንዲሰጧችሁ ጠይቁና ከስክሪንሹቱ ጋር አስቀምጡት። በኦፕሬተሩ መልስ ካልረካችሁ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እሱ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ ኦፕሬተሩን መጠየቃችሁን የምታሳዩት በዚያች የቅሬታ ቁጥር ነው።